የጌም ጉደኛ ፍጥረቶች፦ ጠይቁኝ

ደሴ ላይ ትንሽ ጌም ቤት አለችኝ። ማታ ማታ ገጸ ባሕርይ እሥላለሁ። «መልካቸው ግራ ስለሚያጋቡት የጌም ፍጥረቶች ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ።

ከኮምቦልቻ፦ ወንድሜ፣ ስንት ቆንጆ ጀግና እያለ ሰው ለምን ዓይኑ የፈጠጠ ጉድ ይወዳል?

ቆንጆ ጀግና ሞልቷል፤ አንዱን ከአንዱ መለየት ነው የሚቸግረው። ልጆች ጌም ቤቴ ግድግዳ ላይ በከሰል ይሥላሉ። ሰይፍ የያዘ ጡንቸኛ አንድም የለም። የሞላው ማይንክራፍት የሚባለው ጌም ላይ ያለው ክሪፐር ነው፤ አራት ማዕዘን ፊት፣ ጥቁር ዓይን፣ ወደ ታች የወረደ አፍ። የስምንት ዓመት ልጅ ሳያይ ይሥለዋል። የእኔ መለኪያ ይኸው ከሰሉ ነው።

ከዚያው፦ ክሪፐር ግን ምንድን ነው? እንስሳ ነው እንዴ?

አሳማ ሊሆን ነበር! የጌሙ ሠሪ በ2009 እ.ኤ.አ. አሳማ ሲሠራ ቁመቱንና ርዝመቱን አቀያየረው። ቀጥ ብሎ የቆመ ጉድ ወጣ። እኔ ብሆን እሰርዘው ነበር። እሱ አረንጓዴ አድርጎ ጭራቅ አደረገው።

ከወልድያ፦ የማሪዮ ፂምና ኮፍያ ምን ታስቦ ነው?

ችግር ያመጣው ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. ማሪዮ መጀመሪያ የታየበት ዶንኪ ኮንግ የተባለው ጌም ሲሠራ፣ ሰውዬውን ለመሣል የተረፈው ጥቂት የስክሪን ነጥብ (ፒክሰል) ነበር። አፍ መሣል አስቸገረ፤ ፂም ተደረገ። ፀጉር አስቸገረ፤ ኮፍያ ተደፋ። እጁ ሲወዛወዝ ከገላው እንዲለይ ደግሞ ማንገቻ ያለው ቱታ አለበሱት። የ1995 እ.ኤ.አ. የጌም ጀግና ሬይማንም መዳፉና ጫማው አየር ላይ የሚንሳፈፈው ክንድና እግር ማንቀሳቀስ ስላስቸገረ ነው።

ከሐይቅ፦ ኪርቢስ? ኳስ እኮ ነው።

አብሽር፣ ይሄ አጭር ነው። የኪርቢ ጌም ሲሠራ፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ እስኪደርስ ቦታ ይያዝ ተብሎ የገባ ክብ ነገር ነበር። ወደዱትና በዚያው ቀረ፤ ጌሙ በ1992 እ.ኤ.አ. ወጣ።

ከላሊበላ፦ እኔም የራሴን መሥራት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

እህቴ፣ ላሊበላ ተቀምጠሽ? አቡነ ዮሴፍ ተራራ ውጪና ጭላዳ ዝንጀሮን እዪ። ደረቱ ላይ ቀይ መላጣ፣ እንደ አንበሳ ጎፈር፣ ቁጭ ብሎ በጣቱ ሣር የሚነጭ። ሲቆጣ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ያሳይሻል። ከሐሳቤ አመጣሁት ብትይ ማን ያምንሻል? ግን ለከንቱ አይደለም። ሌሎች ዝንጀሮዎች ቀዩ ምልክት መቀመጫቸው ላይ ነው፤ ጭላዳ ውሎው ቁጭ ብሎ ስለሆነ ደረቱ ላይ ወጣ ይባላል።

የእኔ የመጀመሪያው ሦስት ቀንድ፣ ስድስት ዓይንና ረጅም ጭራ ነበረው። አንድ ደንበኛዬ፣ ገና ሕፃን ልጅ፣ አየውና «ቀንዱ ምን ይሠራል?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ቀንዱንም ዓይኑንም አጠፋሁት። አሁን ጭራው ቀርቷል፤ በሱ ይንጠለጠላል።