ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ለምትገቡ፦ ከሳሎኑ በፊት ሮቶውን እዩ

እህቴ፣ «ኪራይ ከበደን፣ ሁለት ልጆቻችንን ይዘን ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ልንገባ ነው፤ የባለቤቴ ሥራ ግን እዚያው አዲስ አበባ ነው፤ ያዋጣናል ወይ?» ላልሽው፣ ያዋጣችኋል። አዳማ ለሰው የምትመች ከተማ ናት፤ ሽንኩርትና ቲማቲም ከነትኩስነቱ ይገባል፣ ባጃጅ ደጅ ድረስ ያደርሳል፣ ጎረቤት ሰላምታ አይነፍግም። ይህን ሁሉም ይነግርሻል። እኔ ገንዘብ የሚበላውን ልንገርሽ።

1. ውሃ። አከራይ «ውሃ አለ» ሲል ብዙ ጊዜ ቧንቧ ገብቷል ማለቱ ነው። ስለዚህ እሱን ትተሽ አጠገቡ ያለውን ሱቅ ጠይቂ፦ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? በስንት ሰዓት? ከዚያ ሂሳቡን ሥሪ። ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ብትይዢ ለአራት ሰው 200 ሊትር ነው። በአምስት ቀን አንዴ የሚመጣ ከሆነ 1,000 ሊትር ሮቶ ልክ ልኩን ያደርሳል፤ አንድ ቀን ከዘገየ ወይም የልብስ ማጠቢያ ማሽን ካላችሁ አያደርስም፣ 2,000 ያስፈልጋችኋል። ሮቶው ከፍ ብሎ ተሰቅሎ የመስመሩ ግፊት ደካማ ከሆነ ደግሞ ውሃው መጥቶም አይሞላም። መላው፣ መሬት ላይ ሁለተኛ ሮቶ ከነፍሎተሩ (ሲሞላ ውሃውን ከሚዘጋው ተንሳፋፊ ጋር) አስቀምጦ ከእሱ በግማሽ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ወደ ላይ መግፋት ነው። ፓምፑን በቀጥታ ከመንገዱ መስመር ላይ የሚያስገጥሙ አሉ፤ በፍጹም እንዳታደርጉት። የጎረቤትን ውሃ ይስባል፣ ቱቦው የተሰነጠቀ ቦታ ካለ ደግሞ ከአፈሩ ጋር ቆሻሻ ይስባል።

የሮቶው ክዳን ጥርቅም ብሎ ይዘጋ፤ ካልተዘጋ ትንኝ ይራባበታል፣ አዳማ ደግሞ ወባ ያለበት ቆላ ቀመስ አገር ነው። ክረምቱ ከወጣ በኋላ ባሉት ወራት ልጆቹን ያለ አጎበር አታስተኚ። ስትገቡ ሮቶውን አሳጥቡት፦ ታጥቦ ይሞላ፣ ለ1,000 ሊትር አንድ ሊትር በረኪና ይጨመር፣ አድሮ ይደፋ፣ ይለቅለቅ። ያ ውሃ አይጠጣም።

ከሁሉ የከፋው ግን ይህ ነው። የከተማው ቧንቧ ከአዋሽ ወንዝ በቆቃ በኩል የተጣራ ውሃ ነው። አንዳንዱ ግቢ ደግሞ «የራሳችን ጉድጓድ አለ፣ ውሃ አይቋረጥም» ብሎ ኪራይ ይጨምራል። ስምጥ ሸለቆ ላይ ነን፤ የከርሰ ምድሩ ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። እዚህ አካባቢ ያደጉ ሰዎች ጥርሳቸው ላይ የምታዪው ቡናማ ቀለም ከዚህ የመጣ ነው፤ ቋሚ ጥርሳቸው ገና እየተሠራ ያሉ ልጆች፣ ማለትም እስከ ስምንት ዓመት ያሉት፣ በዋናነት የሚጎዱት እነሱ ናቸው። «አፍልተን እንጠጣለን» እንዳትዪ፤ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይዱን አያወጣም፣ ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ይብስበታል። የጉድጓዱ ውሃ ለልብስና ለሽንት ቤት ይሁን፤ ለመጠጥና ለወጥ የቧንቧውን ለብቻ ያዢ።

2. ወረቀት። ብዙ ሰው የሚቃጠለው እዚህ ነው። ዕቃ ጭኖ ከገባ በኋላ «መሸኛ (ከነበርክበት ወረዳ የመልቀቂያ ደብዳቤ) አምጣ» ይባልና ተመልሶ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ እዚያ «ሲስተም የለም፣ ሰኞ ና» ይሉታል፤ ሰኞ ሲሄድ ፈራሚው ስብሰባ ነው። የባለጉዳይ ቀን ቀን የማይመስለው ሠራተኛ እንዳለ ማወቅ ያሳዝናል፣ ግን አውቆ መዘጋጀት ይሻላል። መሸኛውን ዕቃ ሳትጭኑ አውጡ። በደብዳቤው ላይ የአባወራው ስም ብቻ ሳይሆን ያንቺም የልጆቹም ስም ከነአያት ይዘርዘር፤ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ይኑረው። ከመስኮቱ ሳትርቂ እዚያው ቆመሽ ፊደል በፊደል አንብቢው። ከልደት ካርዱ ጋር አንድ ፊደል ከተለየ ሌላ ምልልስ ነው።

እናንተ ግን ከዚያም በፊት አንድ ነገር አስቡ። በ2005ቱ የኮንዶሚኒየም ምዝገባ እየቆጠባችሁ ከሆነ፣ ምዝገባው በአዲስ አበባ ነዋሪነት ላይ የቆመ ነው። ባንክ የሚቆጥበው ሰው ስም መሸኛው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ምን እንደሚያስከትል በጽሑፍ ጠይቁ። ባለቤትሽ ሥራው እዚያው ስለሆነ የእሱን መታወቂያ ሳትነኩ አንቺና ልጆቹ ብቻ መዛወር ትችሉ እንደሆነ ያኔ አብራችሁ አጣሩ።

አዳማ ስትደርሱ መዝገቡ በአፋን ኦሮሞ ነው፣ ስማችሁም በቁቤ ይጻፋል። እዚህ ላይ ንቁ። በቁቤ አጻጻፍ የሚጠብቀው ፊደል ይደገማል፣ ረጅሙ አናባቢም ይደገማል፤ ስለዚህ ያው «ታደሰ» በፓስፖርቱና በፋይዳው በአንድ ዓይነት፣ በቀበሌው መታወቂያ በሌላ ዓይነት ይወጣል፣ ባንክ ሲደርስ ሁለት ሰው ይሆናል። የፋይዳውን ኮፒ ከፊት አስቀምጪና «እንደዚህ ይጻፍልኝ» በይ። በትህትና ከጠየቅሽ አይከለክሉሽም፤ ጥቂት አፋን ኦሮሞ ብትሞክሪ ደግሞ ፊታቸው ይፈታል። አድራሻ ስትጠየቂም ከተማዋ አሁን የምትሠራው በክፍለ ከተማ መሆኑን አትርሺ፤ ደላላውና ባጃጁ የሚጠሩት የድሮውን የቀበሌ ቁጥር ነው፣ ሁለቱንም ጽፈሽ ያዢ።

ትምህርት ቤት ከቤት በፊት ይታይ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሆነ በአማርኛ በሚማረው ክፍል ቦታ አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ፤ ቦታው ከጠፋ ልጆቹ በየቀኑ ከተማ አቋርጠው ይሄዳሉ።

ቤቱን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዪው። ጠዋት ሁሉም ቤት ቀዝቃዛ ነው። ኮርኒስ የሌለው ወይም ጣሪያው ዝቅ ያለ የቆርቆሮ ቤት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምጣድ ነው። ግድግዳውን ዝቅ ብለሽ ተመልከቺ፦ ከመሬት አንድ ስንዝር ወይም ሁለት ላይ ቡናማ መስመር ካለ፣ ወይም አዲስ ቀለም እስከ ጉልበት ብቻ ከተቀባ፣ ክረምት ጎርፍ ገብቷል ማለት ነው። ከተማዋ በኮረብታ ተከባ ስለተቀመጠች ዝናብ ሲጥል ውሃው ወደ መሃል ይወርዳል። በበጋ ደግሞ ነፋሱና አቧራው አለ፤ የነፋስ ተርባይኖቹ ያለ ምክንያት እዚያ አልተተከሉም። የማብሰያ ቤቱ በር ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ከተከፈተ እንጀራሽ ሳይቀር አቧራ ይለብሳል። ሊጡም በአዲስ አበባው ቀን አይቦካም፤ እዚያ ሦስት ቀን የሚፈልገው እዚህ ሙቀቱ በሁለት ቀን ያደርሰዋል፣ ከረሳሽው ይኮመጥጣል።

ቆጣሪው የጋራ ከሆነ አትግቡ። መብራት ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል፤ ሦስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሁሉም በውዱ ሂሳብ ይከፍላል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን። በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል፤ «የስድስት ወር አምጪ» ላለሽ ይህን ጥቀሺለት።

የባለቤትሽ መመላለስ። የፍጥነት መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አንድ ሰዓት አካባቢ ይወስዳል፣ ችግሩም እሱ አይደለም። ቀኑ የሚያልቀው የፍጥነት መንገዱ አዲስ አበባ መግቢያ ላይ የሚያበቃበት ቱሉ ዲምቱ ከደረሱ በኋላ ነው። ሥራው አቃቂ ወይም ቃሊቲ አካባቢ ከሆነ በየቀኑ ይችለዋል። ፒያሳ ወይም መርካቶ ከሆነ ግን በየቀኑ መመላለስ ሰው ይጨርሳል፤ ከሥራ ባልደረባ ጋር አንድ ክፍል ተጋርቶ ሰኞ ገብቶ ዓርብ ቢመጣ ይሻለዋል፣ የዚያን ክፍል ኪራይም ከምታተርፉት ላይ አሁኑኑ ቀንሱ። ባቡሩን አትቁጠሩት፣ ጣቢያው ከከተማ ውጭ ነው፣ ለዕለት ተመላላሽ ሠራተኛም አይሆንም። ቤት ሳትይዙ አንድ ሰኞ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ከአዳማ ተነስቶ ቢሮው በር እስኪደርስ ሰዓቱን ይለካ።