የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የያዙትን ዓሣ መልሶ መልቀቅ ለምን?

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል አባላት፤ ልጆቼ ጡረታ መውጣቴን ምክንያት በማድረግ በኮሎራዶ ተራሮች በሚገኝ አንድ የወንዝ ዳር ሎጅ፣ በሰው ሠራሽ ዝንብ (ነፍሳት መስሎ በተሠራ መንጠቆ) ትራውት የሚባለውን ዓሣ የማጥመድ የሁለት ቀን ጉዞ ከመሪ ጋር ከፍለውልኛል። የምንሄደው በኦገስት አጋማሽ ነው። እኔ ያደግሁት ሐዋሳ ስለሆነ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ላይ ዓሣ ከሐይቁ ወጥቶ ሲበለትና ሲበላ እንጂ ወደ ውኃ ሲመለስ አይቼ አላውቅም። በሎጁ ደንብ ግን የተያዘው ሁሉ ይለቀቃል። ይህ እንስሳውን በከንቱ ማሠቃየት አይሆንም ወይ? ዕቃውንስ መግዛት ይኖርብኛል? ዋና እንደማልችልም እወቁልኝ።
አንባቢያችሁ፣ ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ

መልስ፦ የመጀመሪያው ጥያቄዎ ከሁሉም የሚከብደው ነውና ከእርሱ እንጀምር። የሚለቀቅ ዓሣ ምንም አይሆንም የሚል ሰው ቢያጋጥምዎ አይመኑት፤ ዓሣው ይደክማል፣ ይጨነቃል፣ አያያዙ ከከፋም ከተለቀቀ በኋላ ሊሞት ይችላል። ሆኖም የሐዋሳው ቆሮሶ (ቲላፒያ) በሞቀ ውኃ ውስጥ ቶሎ አድጎ ቶሎ የሚራባ ሲሆን፣ ትራውት የሚኖረው የቀለጠ በረዶ በሚወርድበት ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ነው፤ የሚያድግበትም ወቅት አጭር ነው። በሞቃቱ ወራት ወደ እነዚህ ወንዞች የሚጎርፈው አጥማጅ ሁሉ የያዘውን ይዞ ቢሄድ ትላልቆቹ ዓሦች ተመናምነው ያልቃሉ። ኮሎራዶ «የወርቅ ሜዳሊያ ውኃ» ብላ የምትሰይመው ወንዝ በአንድ ኤከር ቢያንስ 60 ፓውንድ ትራውት፣ ከዚህም ውስጥ 14 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆኑ 12 ዓሦች ሊኖሩት ይገባል፤ ብዙ ሰው እያጠመደበት ይህ ቁጥር እንዲጠበቅ መልቀቁ ትልቅ ድርሻ አለው። በአጠቃላይ የግዛቱ ደንብ አንድ ሰው በቀን እስከ 4 ትራውት መውሰድ ስለሚችል፣ ዓሣ መብላት ከፈለጉ ይህ የሚፈቀድበትን ወንዝ መምረጥ እንጂ ከሎጁ ደንብ ጋር መጣላት አያስፈልግዎትም።

መልቀቁ ትርጉም የሚኖረው ግን በአግባቡ ሲደረግ ብቻ ነው። ትል የተሰካበትን መንጠቆ ዓሣው ብዙ ጊዜ ወደ ውስጥ ይውጠዋል፤ ሰው ሠራሹ ዝንብ ግን በአብዛኛው ከንፈሩ ላይ ይሰካል። የመንጠቆው ጫፍ ላይ ወደ ኋላ የዞረችው እሾህ በጉጠት ተጨፍልቃ ከሆነ ደግሞ በቀላሉ ይወጣል። ዓሣውን ሳያንገላቱ ቶሎ ወደ መረቡ ያስገቡት። እጅዎን አስቀድመው ያርጥቡ፤ ደረቅ እጅ የዓሣውን ገላ የሚጠብቀውን ልጋግ ይገፈዋል። ፎቶግራፍ ካስፈለገም መረቡ ውኃ ውስጥ እንዳለ ካሜራው ይዘጋጅ፤ ዓሣው ለቅጽበት ብቻ ብቅ ብሎ ይመለስ። ከዚያም ፊቱን ወደ ወንዙ መምጫ አድርገው ደግፈው ይያዙት፤ ሲበረታ ራሱ ይሄዳል። የውኃው ሙቀት ወደ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ትራውት በቂ ኦክስጅን ስለማያገኝ ቢለቀቅም የመትረፍ ዕድሉ ይቀንሳል። በኦገስት ከሰዓት በኋላ ይህ ሊደርስ ስለሚችል፣ ቴርሞሜትሩን አይቶ «ለዛሬ ይብቃን» የሚል መሪ ሥራውን የሚያውቅ ነው፤ ገንዘቤን አስቀረብኝ ብለው አይዘኑበት።

የመሪው ዋና ጥቅም ወንዙን ማንበብ ማስተማሩ ነው። ከወንዙ አንድ ድንጋይ አንሥቶ ሲገለብጠው ከሥሩ ተጣብቀው የሚርመሰመሱ፣ ገና ክንፍ ያላወጡ ጥቃቅን ነፍሳት ያሳይዎታል፤ ከሳጥኑ የሚመርጠው ዝንብም በመጠንም በቀለምም እነርሱን የሚመስለውን ነው። ዝንቡ ክብደት ስለሌለው ርቆ የሚሄደው በወፍራሙ ክር ክብደት ነው፤ ስለዚህ የክንድ ጉልበት ብዙም አይረዳም። ውኃው ላይ ካረፈ በኋላ ደግሞ ክሩ ሳይጎትተው ከወራጁ ጋር እኩል መሄድ አለበት፤ ጥቂት ከተጎተተ ትራውት አይነካውም። ይህን ከተማሩ በኋላ አገር ቤት ሲሄዱ በባሌ ተራሮች፣ በዌብና በዳንካ ወንዞች፣ ከኬንያ መጥቶ የተራባውን ትራውት መሞከር ይችላሉ።

ዕቃ አይግዙ፤ ዘንጉን፣ ዝንቡንና እስከ ደረት የሚደርሰውን ውኃ የማያስገባ ሱሪ አብዛኛውን ጊዜ ሎጁ ወይም መሪው ያቀርባል። ባርኔጣና የውኃውን ነጸብራቅ የሚቆርጥ መነጽር ግን ይያዙ፤ መነጽሩ ዓሣውን ከማሳየቱም በላይ ዓይንዎን ከመንጠቆ ይጠብቃል። ዕድሜው 16 ዓመት የሞላ ሁሉ የግዛቱ የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ወንዙ በግል መሬት ውስጥ ቢያልፍም ግዴታው አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1979 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰጠው ውሳኔ መሠረት በኮሎራዶ የወንዙን ወለል የያዘ ባለ መሬት ሰው እንዳይገባበት መከልከል ስለሚችል፣ ልጆችዎ ለሎጁ ከከፈሉት ውስጥ አንዱ ክፍል ወንዙ ውስጥ የመግባት ፈቃድ ነው።

ዋና አለመቻልዎን ዛሬውኑ ለሎጁ ያሳውቁ፤ ከዳር ሆኖ የሚጠመድበትን ጸጥ ያለ ቦታ ያዘጋጁልዎታል። ውኃ ውስጥ ከገቡም የሱሪውን ቀበቶ አጥብቀው ይሰሩ፣ የመደገፊያ ዱላ ይጠይቁ፣ ከጉልበት በላይ አይግቡ። በተራራው ላይ በዚህ ወቅት ከሰዓት በኋላ መብረቅ የተለመደ ነው፤ የካርቦን ዘንግ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ነጎድጓድ እንደሰሙ ዘንጉን አስቀምጠው ከወንዙ ይውጡ። ለመሪው በቀኑ መጨረሻ ከጉዞው ዋጋ 20 በመቶ ገደማ ጉርሻ መስጠት የአገሩ ልማድ ስለሆነ፣ ልጆችዎ ከፍለው እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቋቸው።