ጥያቄና መልስ፦ ብራውዘር ላይ የታዘዘ ኮድ ተርሚናል ላይ ለምን ያምጻል?

ከሸዋ በር፣ ደሴ፦ ፒኤችፒ በተባለው የድረ ገጽ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ የሠራሁት የመጋዘን ሪፖርት በብራውዘር ደህና ይወጣል፤ ከተርሚናል (ትዕዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት መስኮት) ሳስነሳው ግን የዋጋ ዝርዝሩን ፋይል «የለም» ይለኛል።

ፋይሉ አለ፤ የቆምክበት ቦታ ነው የተለየው። በዌብ ሰርቨር ሲነሳ ፒኤችፒ አስቀድሞ ወደ ስክሪፕቱ ፎልደር ይገባል። ተርሚናል ላይ ግን ትዕዛዙን የጻፍክበት ፎልደር ውስጥ ሆኖ ይፈልጋል። የፋይሉን አድራሻ ከፊትና ከኋላው ሁለት ሁለት የግርጌ ሰረዝ ካለው «ዲር» (የስክሪፕቱ ፎልደር አድራሻ) ጀምረህ ጻፍ። «ዶኪዩመንት ሩት» (የድረ ገጹ ዋና ፎልደር አድራሻ) አያዋጣህም፤ ተርሚናል ላይ ባዶ ነው።

ከፒያሳ፦ ከሩቅ ሰርቨር በሚያገናኘው ኤስኤስኤች ገብቼ ረጅም ሥራ ካስነሳሁ በኋላ ላፕቶፔን ብዘጋው ይቀጥላል?

አይቀጥልም። ቲሙክስ (ግንኙነት ቢቋረጥም ሥራውን ሰርቨሩ ላይ የሚያቆይ ፕሮግራም) ውስጥ አስነሺው፤ መብራት ቢጠፋብሽም አያሳስብሽም።

ከኮምቦልቻ፣ ሁለት ሆነው የጻፉ፦ የላራቬል (የፒኤችፒ ማዕቀፍ) ካሽ፣ ማለትም ጊዜያዊ ማከማቻውን፣ በሱዶ (በዋናው አስተዳዳሪ ሥልጣን) አጸዳን፤ ከዚያ ወዲህ ድረ ገጹ 500 (የሰርቨር ስህተት) ብቻ ያሳያል። ጓደኛችን «ፎልደሩን 777 አድርጉት» አለን። በተጨማሪ ደመወዝ የሚያሰላውን ገጽ ክሮን (በተቀጠረ ሰዓት ሥራ የሚያስነሳ ፕሮግራም) በየወሩ በከርል (ገጽ ከተርሚናል በሚጠራ ትዕዛዝ) እየጠራልን ነው፤ ሎጊን ስላስቸገረን አንስተነዋል።

ጓደኛችሁን አትስሙ። 777 ማለት ሰርቨሩ ላይ ያለ ተጠቃሚ ሁሉ እንዳሻው ይጻፍበት ማለት ነው። ኡቡንቱ ላይ ዌብ ሰርቨሩ የሚሠራው «ዳብልዩ ዳብልዩ ዳብልዩ ዳታ» በሚባል ተጠቃሚ ስም ነው። እናንተ በሱዶ ስትገቡ የተፈጠሩት የሎግና የካሽ ፋይሎች የሩት (የዋናው አስተዳዳሪ) ሆኑ፤ ድረ ገጹ ሊጽፍባቸው ሲል ተከለከለ። የስቶሬጅንና የቡትስትራፕ ካሽን ፎልደሮች ባለቤትነት በቾውን (ባለቤት በሚቀይረው ትዕዛዝ) ለዚያ ተጠቃሚ መልሱ። ከእንግዲህም ከሱዶ ቀጥሎ በ«ዩ» ምርጫ የዚያን ተጠቃሚ ስም እየጠራችሁ ትዕዛዙን አስነሱ።

የደመወዙ ጉዳይ ግን ይብሳል። ሎጊን የሌለው ገጽ ለክሮን ብቻ አልተከፈተም፤ አድራሻውን ያገኘ ሁሉ ደመወዝ ያሰላላችኋል! ስሌቱን ከኮንትሮለሩ (የገጹን ጥያቄ ከሚቀበለው ኮድ) አውጥታችሁ በራሱ ክላስ አስቀምጡት፤ ገጹም የአርቲዛን (የላራቬል የተርሚናል መሣሪያ) ትዕዛዙም ያንኑ ይጥሩ። ገጹን መልሳችሁ ቆልፉ፤ ክሮን ትዕዛዙን ያስነሳ። አንድ ነገር ግን አትርሱ፦ ተርሚናል ላይ ሴሽን (የገባውን ሰው የሚያስታውስ መዝገብ) የለም፣ የገባ ሰውም የለም። ኮዳችሁ «ማን አጸደቀው» የሚለውን ከሎጊን የሚወስድ ከሆነ ባዶ ይመዘግባል ወይም ይወድቃል። የአጽዳቂውን መለያ ቁጥር ትዕዛዙ ራሱ እንዲጠይቅ አድርጉ፤ ካልተሰጠው ይቁም። የደመወዝ ሕጉን የሂሳብ ባለሙያ ጠይቁ።

ከሆጤ፦ ለክሮን የሌሊት 6 ሰዓት ብዬ 6 ጻፍኩ፤ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሠራብኝ።

ሰርቨርሽ በዩቲሲ (በዓለም መነሻ ሰዓት) ነው የሚቆጥረው፤ እኛ 3 ሰዓት እንቀድመዋለን። የሌሊት 6 ሰዓት በ24 ሰዓት አቆጣጠር 0 ነውና 21 ጻፊ። ሰርቨሩ በአዲስ አበባ ሰዓት ቢሆን ኖሮ 0 ነበር። የሳምንቱን ቀን ከወሰንሽ ደግሞ በዩቲሲ የዋዜማው ቀን ይሆናል፤ ለሰኞ አጥቢያ ሌሊት እሑድን አስገቢ።

ከኮምቦልቻ፦ የሙከራው ዳታቤዝ መስሎኝ ቲንከር (የላራቬል የትዕዛዝ መሞከሪያ) ላይ የደንበኞችን ሰንጠረዥ ትራንኬት አደረግኩት፤ ባዶ ሆነ። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል 8 ነው። ሮልባክ (ለውጥን የሚሽረው ትዕዛዝ) ይመልሰዋል?

አይመልሰውም። ይህን ስታነብ ሲስተሙን ወደ ጥገና ሁኔታ አስገባና እጅህን አንሳ። ቨርዥን 8 ባይናሪ ሎግን (የዳታቤዙን ለውጦች መዝገብ) ካልዘጉት በስተቀር በራሱ ይይዛል፤ የቆየ ባክአፕ ካለህ ከእሱ ተነስቶ ትራንኬቱ ደጃፍ ድረስ መመለስ ይቻላል። ሎጉ ግን ዕድሜው ሲሞላ ይጠፋል፤ አሁኑኑ ሌላ ዲስክ ላይ ቅዳው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ራስህ አትሞክረው። ዳታቤዝ መመለስ የሚያውቅ ባለሙያ ዛሬውኑ ጥራ፤ ነገ አትበል፤ ለአለቃህም ንገር።