የሜሞሪ ኮድን እንደ አዲስ መጻፍ ወይስ ቀስ በቀስ ማጽዳት?

ጥያቄህ ገብቶኛል። ለመማሪያ ብለህ የጻፍከው ትንሽ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት) የሜሞሪ ኮዱ ተዘበራርቆብሃል፤ ጥዬው እንደ አዲስ ልጻፈው ወይ ነው ያልከው። እኔ አልመክርህም። በሥራዬ ከርነል አካባቢ ነው የምውለው፤ "እንደ አዲስ እንጽፈው" የተባለ የሜሞሪ ኮድ አብዛኛውን ጊዜ ብራንች (ከዋናው የተለየ የኮድ ቅጂ) ላይ ሻግቶ ነው የሚቀረው።

መጀመሪያ ምንም ባህሪ ሳትቀይር ሎኮችህን (ሁለት ሥራዎች አንድን ዳታ በአንዴ እንዳይነኩ የሚከለክሉትን) በፈንክሽን ሸፍን፤ ማለትም በቀጥታ ሳይሆን በፈንክሽን ጥሪ ያዛቸው። ሊኑክስ ላይ የፕሮሰሱን (የሚሠራውን ፕሮግራም) የሜሞሪ አድራሻ ካርታ የሚጠብቀው ሎክ ድሮ "ኤምማፕ ሴም" ይባል ነበር፤ በየፋይሉ በቀጥታ ነበር የሚያዘው። በ2020 በወጣው ሊኑክስ 5.8 ያ ሁሉ በትናንሽ ፈንክሽኖች ተተካ። የኮዱ አሠራር ቅንጣት አልተለወጠም። በጣም አሰልቺ ሥራ ነው፣ አልዋሽህም። ግን በ2023 ለእያንዳንዱ የሜሞሪ ክልል የራሱ ሎክ ሲመጣ፣ ዋናው ሎክ ሲለቀቅ ትናንሾቹን ሎኮችም አብሮ የሚለቅቀው መስመር የገባው እዚያው ፈንክሽን ውስጥ ነው። ባይሸፈን ኖሮ በየፋይሉ ለቀማ ነበር።

ጉዱ ያለው ማንም ያልጻፈው ስምምነት ላይ ነው። ሊኑክስ 6.1 ላይ ክልሎቹ የሚቀመጡበት ሬድ ብላክ ትሪ ወጥቶ ሜፕል ትሪ ገባ፤ ሁለቱም ዳታ በቅርንጫፍ የሚደረደርባቸው መዋቅሮች ናቸው። ስታክ (ፈንክሽኖች ጊዜያዊ ዳታቸውን የሚያስቀምጡበት ክልል) ሲያድግ ድሮ የክልሉ መነሻ አድራሻ ባለበት ይስተካከላል፤ ያንኑ ኤምማፕ ሎክ ለንባብ መያዝ፣ ማለትም ብዙዎች አብረው በሚይዙት መልክ፣ ይበቃ ነበር። ሜፕል ትሪ ግን ድንበሩን ኖዱ (የትሪው አንዱ ክፍል) ውስጥ ስለሚይዝ ኖዱን በአዲስ ይተካና አሮጌውን ይለቃል። ያኔ ሌላ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ)፣ እሱም ሎኩን ለንባብ ይዞ፣ የተለቀቀውን ኖድ እያነበበ ሊሆን ይችላል። በ2023 ይፋ የሆነው ስታክሮት የተባለው የደህንነት ቀዳዳ ይኸው ነው። ለየብቻ ብታያቸው የስታኩም የትሪውም ኮድ ደህና ይመስላል። መፍትሔው ስታክ ሲያድግ ሎኩን ለጽሕፈት፣ ማለትም ሌላውን ሁሉ አግዶ፣ መያዝ ሆነ።

ስለዚህ ሎክ ይያዝልኝ የሚል ፈንክሽን ሁሉ መግቢያው ላይ አሰርት (ሎኩ ካልተያዘ ወዲያው የሚጮህ ፍተሻ) ይኑረው። ኮሜንት አይበቃም፤ ኮሜንት የሚያነብ የለም። ኮድ ከፋይል ወደ ፋይል ስታዛውር ደግሞ እግረ መንገድህን ባግ አታስተካክል፤ ለየብቻ ኮሚት አድርግ (ለውጡን መዝግብ)።

ቴስቱን በተመለከተ፣ አሎኬተርህን (ሜሞሪ የሚያከፋፍለውን ኮድ) ከከርነሉ ነጥለህ እንደ ተራ ፕሮግራም ኮምፓይል ለማድረግ ሞክር። ሊኑክሶችም በ2024 የክልሎቹን ኮድ ለብቻው አውጥተው እንዲህ ነው የሚፈትኑት። በየጊዜው ማሽን ቡት ከማድረግ ትገላገላለህ። ፔጅ ፎልት ሃንድለሩን (ፕሮግራም ገና ያልተዘጋጀ የሜሞሪ አድራሻ ሲነካ የሚጠራውን ኮድ) ግን ለመጨረሻ ተወው፤ ሁሉም ነገር እሱ ጋ ስለሚገናኝ ሌላው ሳይጸዳ ብትነካው የቱ እንደተበላሸ አታውቅም።