ያረጀ ላፕቶፕ ምን ይጫንበት? የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ደሴ ላይ ኮምፒውተር ስጠግን ዓመታት አልፈዋል። “ይሄን አሮጌ ላፕቶፕ ምን ልጫንበት?” የማይለኝ የለም። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጠየቃችሁ። እነሆ።

ከኮምቦልቻ፦ ራሙ (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) 1 ጊጋ ነው፣ ዊንዶውስ 10 ተጭኖበታል። እስኪነሳ አቦሉ አልቆ ቶናው ይደርሳል።

አብሽር፣ ላፕቶፕህ አልሞተም። ባለ 32 ቢቱ፣ ማለትም ለቆዩ ፕሮሰሰሮችም የሚሆነው፣ ዊንዶውስ 10 በ1 ጊጋ ይነሳል። ከተነሳ በኋላ ግን ላንተ የሚተርፍ ራም የለም። ማይክሮሶፍትም በኦክቶበር 2025 መደበኛ ድጋፉን አቁሟል። አንቲኤክስ የሚባለውን ሊኑክስ ሞክር፤ ሊኑክስ በዊንዶውስ ቦታ የሚጫን ሲስተም ነው። ነፃ ነው። 256 ሜጋ ራም ላላቸው ማሽኖች ሳይቀር ታስቦ የተሠራ ነው። መልኩ አያምርም፣ ሥራውን ግን ይሠራል።

ከወልድያ፦ የሠርግ ፎቶዬ አለበት። ሳይጠፋ መሞከር ይቻላል?

ይቻላል እህቴ። ፓፒ የሚባለውን ቀላል ሊኑክስ ሩፈስ በሚባል ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጻፊው። ፍላሹ ላይ ያለው ይጠፋል፣ ባዶውን ተጠቀሚ። ስታስነሺ ኤፍ12 ወይም ኢስኬፕ ተጫኚ፤ እንደ ላፕቶፑ ይለያያል። ፓፒ ራም ላይ ወጥቶ ይሠራል። “ጫን” ካላልሽው ሃርድ ዲስክሽ እንዳለ ነው። ለማንኛውም ፎቶውን መጀመሪያ ገልብጪ።

ከሐይቅ፦ የኔ 32 ይሁን 64 ቢት በምን ልወቅ?

ዊንዶውሱ “32” ቢልህ ስለራሱ ነው የሚያወራው። ፕሮሰሰሩን (የኮምፒውተሩን አንጎል) እይ። ኮር 2 ዱዎ ከሆነ 64 ነው። አተም ኤን270 ያለባቸው ሚኒ ላፕቶፖች 32 ናቸው። እዚህ ላይ መሳሳት ፍላሽ ያስደግማል። ኡቡንቱ የሚባለው ሊኑክስ 32 ቢትን ከተወ ቆየ፣ ደቢያን የሚባለውም በ2025 ባወጣው 13ኛ እትም መጫኛውን አስቀርቷል። አንቲኤክስ 23 ግን አለው።

ከደሴ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፦ ዩቲዩብ ያሳየኛል?

ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎ። ሊኑክሱ ቢቀልም ብሮውዘሩ አይቀልም። በ512 ሜጋ ዩቲዩብን ይርሱት። በ2 ጊጋ አንድ ገጽ ብቻ ከፍተው ማየት ይችላሉ። ለመጻፍ ግን ይበቃዎታል። አማርኛም አይባስ (IBus) በሚባል የመጻፊያ ፕሮግራም በኩል ይጻፋል፣ በእንግሊዝኛው ፊደል በድምፁ እየነኩ።

ወደ አሮጌው ዊንዶውስ ኤክስፒ ብመለስስ?

ድጋፉ በ2014 ቆሟል። ኢንተርኔት ካላገናኘኸው ግድ የለም።

ራም ልጨምር?

ከሁሉ በፊት! ጀርባውን ፍታና ራሙ ላይ ያለውን ወረቀት አንብብ። ፒሲ2 ካለ ዲዲአር2፣ ፒሲ3 ካለ ዲዲአር3 የሚባለው የራም ዓይነት ነው። ጥርሱ የተለያየ ነው፣ እንቢ ካለህ አትግፋው። ባትሪውን መጀመሪያ ንቀል። አንዳንዴ ግዢም አያስፈልግም። ባለፈው አንዱ “ሞተብኝ” ብሎ ያመጣውን ከፈትኩት፤ አቧራ ብቻ። ወርቃማውን ጫፍ በልጆች ላጲስ አሸት አሸት አድርጌ መለስኩት። ተነሳ።