ስተይብ ከርሰሩን የሚነጥቀኝ ማነው?

«ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ዎርድ ላይ አቤቱታ ወይም ውል ስተይብ በየመሀሉ ሌላ መስኮት ብቅ ይልና ያቋርጠኛል። አንዳንዴ ደግሞ ምንም ሳይታይ ከርሰሩ ድርግም ማለቱን ያቆማል። ዓይኔ ረቂቁ ላይ ስለሚሆን ግማሽ መስመር ከመታሁ በኋላ ነው የማስተውለው። ኖቲፊኬሽን አጥፍቻለሁ፣ ለውጥ የለም። ቫይረስ ይሆን?» ይላሉ ጠያቂያችን።

ፎርማት ለማድረግ አይቸኩሉ። እኔ ጋ እንዲህ ብለው ከሚመጡት አብዛኞቹ ቫይረስ የለባቸውም። ኖቲፊኬሽን ማጥፋትም የማይሠራው ጥግ ላይ ብቅ የሚለው መልእክት ድሮም ኪቦርድዎን ስለማይነካ ነው። የሚነካው የራሱን መስኮት ከፍቶ ፊት የሚወጣ ፕሮግራም ነው። የሚመቱት ቁልፍ የሚሄድለትን መስኮት ፎከስ ያለው እንላለን፤ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ነው።

አማርኛ ስንተይብ ነገሩ ይብሳል። በድምፅ በሚጽፍ ኪቦርድ «ሰ»ን ለማግኘት መጀመሪያ «ስ» ትወጣለች፣ አናባቢው ሲከተል ትለወጣለች። ፎከሱ በሁለቱ ቁልፎች መሀል ከተነጠቀ «ስ» ዎርድ ላይ ትቀራለች፣ አናባቢው ሌላ ቦታ ይወድቃል። ተመልሰው ከዚያው ሲቀጥሉ የስጦታ ውሉ ላይ «ስጦታ ሰጪ» የሚለው «ስጦታ ስጪ» ሆኖ ቁጭ! እኔ ራሴ አንዴ የደንበኛ ፓስወርድ ስጽፍ የቻት መስኮት ብቅ ብሎብኝ ፓስወርዱን ከነኢንተሩ ለሰውየው ጓደኛ ልኬዋለሁ።

አሁን ሌባውን እንያዝ። አንድ ቀን ሙሉ፣ በተቋረጡ ቁጥር ሰዓቱንና ከዚያ በፊት ምን እንዳደረጉ ወረቀት ላይ ይጻፉ። የእርስዎ ቤት ሕትመት የሚበዛበት ስለሆነ የመጀመሪያ ጥርጣሬዬ ፕሪንተሩ ላይ ነው። ፕሪንት ባሉ ቁጥር የቀለሙን መጠን የሚያሳይ ትንሽ መስኮት ይወጣል? ስታተስ ሞኒተር ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ከፕሪንተሩ ፕሪፈረንስ ውስጥ፣ ሜንተናንስ ከሚለው ትር ነው። ማተሙ አይስተጓጎልም፤ ቀለሙን ግን ከዚያ ወዲህ በዓይንዎ ይከታተላሉ።

ኮምፒውተሩ እንደተከፈተ ባሉት ደቂቃዎች ብቻ ከሆነ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አብረው ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱና ስታርትአፕ ከሚለው ውስጥ የማያስፈልገውን ዲስኤብል ያድርጉ። በየሰዓቱ ልክ እንደ ደወል የሚመጣና ጥቁር መስኮት ብልጭ አድርጎ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ታስክ ስኬጁለር (በሰዓታቸው ራሳቸው የሚነሱ ሥራዎች የሚመዘገቡበት) ውስጥ ይፈልጉት።

አስቸጋሪው ያ ሳይታይ የሚነጥቀው ነው። ለእሱ የማውቀው መድኃኒት ግማሽ በግማሽ ማጣራት ነው። የዊንዶውስን ቁልፍና አርን ተጭነው «ኤምኤስኮንፊግ» ብለው በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉ። ሰርቪስስ (ከጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ዝርዝር) ውስጥ መጀመሪያ የማይክሮሶፍቶቹን ደብቅ የሚለውን ምልክት ያድርጉበት፤ ይህን ከዘለሉ ኋላ እኔን አይውቀሱ። ከቀሩት ግማሹን አጥፍተው ሪስታርት ያድርጉ። መቋረጡ ከቆመ ሌባው ካጠፏቸው ውስጥ ነው፣ ካልቆመ ከቀሩት። ሌባው ያለበትን ግማሽ እንደገና ለሁለት እየከፈሉ ይቀጥሉ። 16 ቢሆኑ በ4 ሪስታርት አንዱ ላይ ይደርሳሉ። ስታርትአፑንም እንዲሁ ያጣሩ። በዚህ መሀል አንቲቫይረስዎም ሊጠፋ ስለሚችል የደንበኛ ፍላሽ አይሰኩ!

አንድ ነገር ይቀራል። ዊንዶውስ፣ ዊንዶውስ 98 ከሚባለው ጀምሮ፣ ፕሮግራም እንዳሻው ፊት እንዳይወጣ የሚያግድበት ቁጥር አለው። እየተየቡ ሳለ ፊት ልውጣ ያለው ታስክባር ላይ ብልጭ ድርግም እያለ እንዲጠብቅ ያደርጋል። ቁጥሩን ነካክቶ ዜሮ ያደረገ ካለ ግን በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። በዚያው በዊንዶውስ ቁልፍና አር ሬጅኤዲትን (የዊንዶውስ የውስጥ ቅንብሮች የተቀመጡበትን ሬጅስትሪ ማስተካከያ) ይክፈቱ፤ ከረንት ዩዘር፣ ከዚያ ኮንትሮል ፓነል፣ ከዚያ ዴስክቶፕ። እዚያ ፎርግራውንድ ሎክ ታይምአውት የሚለውን ሁለቴ ክሊክ አድርገው፣ ዴሲማልን መርጠው 200000 ይጻፉ። በሚሊሰከንድ ስለሆነ 200 ሰከንድ ማለት ነው። ሌላ ምንም አይንኩ። ሳይን አውት ብለው ሲመለሱ ይሠራል።

ይህም ቢሆን አጥሩን የሚዘሉ ፕሮግራሞች አሉ፤ ለዚህ ነው ቁጥሩን ከማጣራቱ ያላስቀደምኩት። ሊኑክስ ላይ ኬዲኢ የሚባለውን ዴስክቶፕ የሚጠቀሙ ሰዎች ይህንኑ ጥበቃ ከሴቲንግ ውስጥ ከዝቅተኛ እስከ እጅግ ከፍተኛ መርጠው ያስተካክሉታል። ዊንዶውስ ይህን ለምን ከሬጅስትሪ ውስጥ እንደሚቀብረው ሁሌም ይገርመኛል።

የፕሪንተሩን ድራይቨር እንደገና ከጫኑ ስታተስ ሞኒተሩ ራሱን መልሶ ሊያበራ ይችላል፤ በዚያ ቀን መጀመሪያ እሱን ይዩ።