ለሰፈር ባር ሎጎ ከመሳልህ በፊት የሳምንቱን ፖስተር አስብ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አየሁት። ባንድና ዲጄ የሚያስገባ የሰፈር ባር ሎጎ እንድትሠራ ተጠይቀሃል፤ ባለቤቱ ጊታርና የቢራ ብርጭቆ ካልገባበት ብሏል፤ አንተ ከየት እንደምትጀምር ግራ ገብቶሃል። እንዲህ ዓይነት ሥራ ላይ ከርሜያለሁና የማውቀውን ልንገርህ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሠኝ።

ጊታሩን ለጊዜው ተወው። ጊታርና ብርጭቆ ያለበት ሎጎ የማንም ባር በር ላይ ቢሰቀል ያስኬዳል፤ ችግሩም እሱው ነው። ባለቤቱን ግን «አይሆንም» ብለህ አትጋፈጠው። «ደንበኛህ ስለ ቤትህ ለጓደኛው ሲያወራ ምን ይላል?» ብለህ ጠይቀው። አንዱ ስለ ጠባቡ ደረጃ ያወራል፣ ሌላው ስለ ቀዩ በር፣ ሌላው ደግሞ ድምፃዊው አፍንጫው ሥር ቆሞ ስለመዝፈኑ። መነሻህን ከዚያ ወሬ ውስጥ ታገኘዋለህ።

እንግሊዝ አገር ማንቸስተር ውስጥ በ1982 እ.ኤ.አ. የተከፈተውን የሀሲየንዳ ክለብ ተመልከት። ቀድሞ መጋዘን ነበር። የብረት ዓምዶቹ ጨፋሪው መሃል ስለሚቆሙ ዲዛይነሩ ቤን ኬሊ ፋብሪካ ውስጥ አደጋ እንደሚጠቁመው ምልክት ቢጫና ጥቁር ሰያፍ መስመር አስቀባቸው። ክለቡ በ1997 ተዘጋ፣ ሕንፃውም በኋላ ፈረሰ። ያ ቢጫና ጥቁር መስመር ግን ዛሬም ሲታይ ሀሲየንዳን ያስታውሳል። ከቤቱ ከራሱ ስለወጣ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ሰው የባር ሎጎ ብቻውን የሚያየው በር ላይ ነው። በየሳምንቱ ስልኩ ላይ የሚመጣለት ግን «ዓርብ ማታ እገሌ ባንድ» የሚለው ፖስተር ነው። እሱን ደግሞ አንተ አትሠራውም። ባንዱ በመጨረሻ ሰዓት ሲቀየር አስተናጋጁ ወይም የባለቤቱ ታናሽ ወንድም በስልኩ ይሠራዋል። ስለዚህ ጉልበትህን የምታፈስበት እዚህ ላይ ነው፤ ያ ሰው እየቸኮለ እንኳ ሊያበላሸው የማይችል ቴምፕሌት፣ ማለትም ስም፣ ቀንና ፎቶ ብቻ የሚቀየርበት ዝግጁ ፖስተር ሥራለት።

ሎጎው ቦታው አይነቃነቅ። ማን፣ መቼ፣ መግቢያው ስንት የሚሉት ሦስቱ በግልጽ ይታዩ፤ የቀረው ይነስ። ከባንዶች የሚላክልህ ፎቶ ብዙውን ጊዜ የደበዘዘ፣ የጨለመ፣ ከቪዲዮ ላይ የተቆረጠ ነው። ከሱ ጋር አትታገል። ሁሉንም ጥቁርና ነጭ አድርገህ በቤቱ አንድ ቀለም ሸፍነው፤ መጥፎውም ጥሩውም ፎቶ የአንድ ቤት ልጅ ይመስላል። ፎቶ ለሌለው ምሽት በፊደል ብቻ የሚቆም ሌላ ቅጂ አዘጋጅ። ከዚያ ረጅሙን የባንድ ስም አስገብተህ ሞክረው። አንድ ምሽት ላይ አምስት ስም ጻፍበትና እየው። የሚፈርስ ከሆነ አንተ ጋ እያለ ይፍረስ።

ፎንት (የፊደሉን መልክ) ስትመርጥ በግዕዝ ፊደል ጀምር። ብዙ ሰው የሚያምር የላቲን ፎንት ይመርጥና አማርኛው ሲጻፍ ስልኩ ያገኘውን ፎንት ይለጥፍበታል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነፃ ነው፣ ከቀጭን እስከ ወፍራም የተለያየ ውፍረት አለው፤ ለዝርዝሩ ጽሑፍ በቂ ነው። ለቤቱ ስም ግን እጅህን አፍታታና ራስህ ጻፈው። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር ስለሌለው ማጉላት የምትችለው በመጠንና በውፍረት ነው፤ ቴምፕሌቱን ስታቅድ ይህን አትርሳ።

ቀለሙን ቀን፣ ቢሮ ውስጥ፣ ስክሪን ላይ አይተህ አትወስን። አትመህ ማታ መብራቱ በርቶ እያለ ባሩ ውስጥ ያዘው። ነጭ ወረቀት ላይ በቀይ የተጻፈ ሜኑ ቀይ መብራት ሥር ሊጠፋ ምንም አይቀረው። ስክሪን ላይ የሚያበራው ወይን ጠጅና አረንጓዴም በተለመደው አራት ቀለም ሕትመት ሲወጣ ይደበዝዛል፤ ባለቤቱ በስክሪኑ ከመውደዱ በፊት የታተመውን አሳየው።

ሎጎው ራሱ ሁለት ፈተና ይለፍ። አንደኛው በር ላይ በሚገባው ሰው እጅ ላይ የሚመታው ማህተም ነው። ቆዳ ላይ ቀለም ስለሚፈስ ትናንሽ ክፍተቶች ይደፈናሉ። በአንድ ቀለም፣ በሁለት ሴንቲ ሜትር ስፋት ካልተነበበ ዝርዝሩን ቀንስለት። ሁለተኛው የኒዮን መብራት ነው። የመስታወት ቱቦ እየታጠፈ ስለሚሠራ፣ እጅ ሳይነሳ በአንድ መስመር የሚሳል ምልክት ይቀለዋል፣ ይረክሳልም። ክብ የፕሮፋይል ፎቶ ውስጥ ጥጉ እንዳይቆረጥም እይ።

ስታስረክብ ኤስቪጂ (ምንም ያህል ቢጎላ የማይደበዝዝ የምስል ፋይል) እና ፒዲኤፍ ስጥ፤ ጥቁር ብቻና ነጭ ብቻ የሆኑትን ጨምር፣ ታፔላ ሠሪውም ቲሸርት አታሚውም መጀመሪያ የሚጠይቁት እነሱን ነው። ውሉ ላይ ቴምፕሌቱን ከሎጎው ለይተህ በራሱ ዋጋ ጻፈው፤ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ፖስተሮች ከአስተናጋጁ ጋር ቁጭ ብለህ እንደምታሠራውም አስገባበት። ያን ካላደረግክ በየሳምንቱ «እባክህ ይቺን ስም ብቻ ቀይርልኝ» እየተባልክ በነፃ ስትሠራ ትኖራለህ።